ቀሚሱ የስንት ዓመት ነው? የድሮ የእንግሊዝ ቀሚሶችን ዕድሜ ከውስጣቸው ማንበብ

ለንደን ውስጥ በአንድ የእሑድ ገበያ ጥቁር ቀሚስ ገዛሁ። እጅጌው ትከሻው ላይ ተሰብስቦ የተነፋ፣ ከኋላ የሚታሰር መቀነት ያለው፣ ጥቃቅን ነጭ አበቦች የተበተኑበት ቀሚስ ነው። ሻጯ ቅንጣት ጥርጣሬ አልነበራትም። «የጦርነቱ ዘመን ነው፤ 1940ዎቹ» አለችኝ፤ ዋጋውንም እንደ ዕድሜው ሰቀለችው። ቤት ገብቼ ገልብጬ ሳየው ከጀርባው የናይለን ዚፕ አገኘሁ። ከአንገቱ ሥር «12፣ ደረት 34 ኢንች፣ 87 ሴንቲ ሜትር» ይላል። በጎን ስፌቱ ውስጥ ደግሞ የውኃ ገንዳ የተሳለባት ጥፍር የምታህል ጨርቅ ተሰፍታለች። በጦርነቱ ዘመን የእንግሊዝ ልብስ ሰፊ የሴት ደረት በሴንቲ ሜትር አይለካም ነበር። ቀሚሱ ሻጯ ከገመተችው ሠላሳ ዓመት ያህል ያንሳል።

ሴትዮዋ አልዋሸችኝም። የተሳሳተችው አብዛኛው ሰው በሚሳሳትበት መንገድ ነው፤ ቀሚሱን ከውጭ አይታ ፈረደች። ያገለገለ ልብስ በውድ በሚሸጥበት በዚህ ጊዜ «የ1940ዎቹ» ወይም «የ1950ዎቹ» የሚል ቃል ዋጋ ያስጨምራል፤ ስለዚህም ቃሉ እንደ ጨው ሁሉም ላይ ይነሰነሳል። የቀሚስን ዕድሜ በትክክል ማወቅ ግን ይቻላል። መንገዱም ከሚታሰበው ይቀላል።

(እዚህ ያሉት ቀናትና ዓመታት ካልተገለጸ በቀር በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።)

ቪንቴጅ ማለት ሰልባጅ አይደለምን?

ሰልባጅ ሁሉ ቪንቴጅ አይደለም። ሰልባጅ የምንለው ሰው ለብሶት የተሸጠ ማንኛውንም ልብስ ነው፤ ባለፈው ዓመት የተሰፋም ቢሆን። ነጋዴዎች ቪንቴጅ የሚሉት አብዛኛውን ጊዜ ከሃያ ዓመት በላይ የቆየና የዘመኑን መልክ የያዘ ልብስ ነው። መቶ ዓመት ሲሞላው ወደ ጥንታዊ ዕቃ ተራ ይገባል።

ሌላው መለየት ያለበት የአሰፋፉ ዓይነት ነው። እዚህ የምናወራው በፋብሪካ ወይም በጅምላ ሰፊ ቤት በተለያየ ልክ ተሰፍቶ መደብር ውስጥ ስለተሰቀለ ልብስ ነው። ደንበኛዋን ለክቶ የሰፋላት ባለሙያ ሥራ ወይም እናት ቤቷ በመኪና የሰፋችው ቀሚስ ከዚህ ውጭ ነው፤ የሚተዉትም ምልክት ሌላ ነው። ተሰፍቶ የተዘጋጀ ልብስ ሕግ፣ ግብርና ፋብሪካ ያልፉበታል። ምልክቱንም የምናገኘው ከእነዚህ ነው።

መልኩን አይቶ መገመት ለምን አይበቃም?

ፋሽን ወደ ኋላ መመለስ ስለሚወድ። የ1970ዎቹ የእንግሊዝ ልብስ ነዳፊዎች የ1930ዎቹንና የ1940ዎቹን መልክ እንደ ውርስ ሣጥን ከፍተው በረበሩት። የባርባራ ሁላኒኪ ሱቅ ቢባ የድሮ ፊልም ተዋናይ የሚያስመስሉ ረጃጅም ልብሶችን ሸጠ። ኦሲ ክላርክ ሰውነት ላይ የሚፈሱ የክሬፕ ቀሚሶችን ሠራ። ላውራ አሽሊ ደግሞ ከዚያም አልፋ ወደ ንግሥት ቪክቶሪያ ዘመን ተመለሰች፤ ከፍ ያለ አንገት፣ ዳንቴል፣ ጥቃቅን አበባ። የ1980ዎቹ ሰፊዎች በበኩላቸው የ1940ዎቹን ሰፊ ትከሻና የ1950ዎቹን ሰፊ ጉርድ አነሡ።

ስለዚህ የተነፋ እጅጌ ቀሚሱ የየትኛው ዘመን እንደሆነ አይነግረንም፤ የሚነግረን የየትኛውን ዘመን መልክ እንደወደደ ነው። በእኔ ግምት በገበያው ላይ «የ1940ዎቹ» ተብለው ከሚሸጡት ብዙዎቹ የ1970ዎቹ ልጆች ናቸው።

ታዲያ በምን ይታወቃል?

አሮጌ ኮት ኪስ ውስጥ የሁለት መቶ ብር ኖት አገኛችሁ እንበል። ኮቱ መቼ እንደተሰፋ ኖቱ አይነግራችሁም። ብሩ ኪስ ውስጥ የገባው ግን በእኛ አቆጣጠር ከ2013 ዓ.ም. መስከረም በፊት ሊሆን እንደማይችል በእርግጠኝነት ታውቃላችሁ፤ ከዚያ በፊት የሁለት መቶ ብር ኖት አልነበረም።

የቀሚስ ምርመራ ሁሉ በዚህ አስተሳሰብ ይሄዳል። እያንዳንዱ ምልክት «ከዚህ ዓመት በፊት አይደለም» ይላል። አምስት ምልክት ካገኛችሁ ዳኛው ከሁሉም የመጨረሻው ነው። አራቱ 1940ዎቹን ቢመስሉና አምስተኛው በ1966 የመጣ ነገር ከሆነ፣ ቀሚሱ ከ1966 ወዲህ የተሰፋ ነው።

ከምልክቶቹ ሁሉ የሚታመኑት መንግሥት ያመጣቸው ናቸው። ሰፊ ፋሽን እንዳሻው ይቀዳል፤ ግብርና ደንብ ግን የሚጀምሩበትና የሚያበቁበት ቀን አላቸው።

«ሲሲ 41» የሚል ማኅተም ያለበት በ1941 የተሰፋ ነው?

አይደለም፤ ከስህተቶች ሁሉ የተለመደውም ይህ ነው።

ታሪኩ እንዲህ ነው። ሰኔ 1 ቀን 1941 እሑድ ጠዋት የእንግሊዝ ሕዝብ በሬዲዮ ልብስ በራሽን መሆኑን ሰማ። ነገሩ በምስጢር ስለተያዘ የልብስ ኩፖን እንኳ አልታተመም ነበር፤ ለመጀመሪያው ጊዜ ሰዉ ከምግብ ደብተሩ ላይ የማርጋሪን ኩፖን እየቆረጠ ልብስ ገዛ። ለአንድ ሰው ለዓመት የተፈቀደው 66 ኩፖን ነው። የሱፍ ቀሚስ 11 ኩፖን ይወስዳል፤ የጥጥ ወይም የሬዮን (ከእንጨት የሚሠራ ሐር መሰል ጨርቅ) ከሆነ 7። ስድስት የሱፍ ቀሚስ የገዛች ሴት ዓመቱን ሙሉ ጫማም ስቶኪንግም አይኖራትም ማለት ነው።

ኩፖን ግን ጥራትን አያረጋግጥም። ስለዚህ መንግሥት ጨርቁ፣ ጥራቱና ዋጋው የተወሰነ «ዩቲሊቲ» የሚባል የልብስ ዓይነት አወጣ። ማኅተሙም ሬጂናልድ ሺፕ የነደፈው ነው፤ ከጎናቸው አንድ አንድ ቁራሽ የተነሣላቸው ሁለት ድፎ ዳቦ የሚመስሉ ክብ «ሲ» ፊደሎችና 41 ቁጥር። እንግሊዞቹ አይብ ነው የሚመስላቸው። ይህ ማኅተም ያለበት ልብስ ከግዢ ግብር ነፃ ነበር። ፋብሪካ ማኅተሙን ይፈልገዋል፤ ደንበኛም ይፈልገዋል። ስለዚህ ጦርነቱ ካለቀ በኋላም አልጠፋም። የልብስ ራሽን ያበቃው መጋቢት 15 ቀን 1949 ሲሆን ዩቲሊቲ ግን እስከ 1952 ዘለቀ።

41 የዕቅዱ መነሻ ዓመት ነው፤ የቀሚሱ ልደት አይደለም። አንድ ጊዜ ጉርዱ እንደ ጃንጥላ የሚዘረጋ፣ ወገቡ የጠበበ ሰማያዊ ቀሚስ አይቼ ከአንገቱ ሥር ሁለቱን ድፎዎች አገኘሁ። ሻጩ 1942 ብሎ ጽፎበታል። ፈረንሳዊው ልብስ ነዳፊ ክርስቲያን ዲዮር ያንን ሰፊ ጉርድ ፓሪስ ላይ ያሳየው የካቲት 12 ቀን 1947 ነው። ከዚያም በላይ በ1942 የወጣው የቁጠባ ደንብ የአንድን ቀሚስ ቁልፍ ከአምስት፣ ኪሱን ከሁለት፣ የጉርዱን ስፌት ከስድስት እንዳይበልጥ ወስኖ ነበር። እኔ ያየሁት ቀሚስ ላይ አሥራ አንድ ቁልፍ ተደርድሯል። ስለዚህ ዕድሜው በ1947 እና በ1952 መካከል ይወድቃል፤ አምስት ዓመት ብቻ። ለአሮጌ ልብስ ይህ ጠባብ መስኮት ነው።

ብዙዎች ዩቲሊቲንና የቁጠባ ደንቡን አንድ ያደርጓቸዋል። ዩቲሊቲ ስለ ጥራትና ዋጋ ነው፤ የቁጠባ ደንቡ ስለ ቁልፍና ሽንሽን። ዩቲሊቲ ርካሽ ልብስ ነው የሚባለውም ልክ አይደለም፤ ኖርማን ሃርትኔልንና ሃርዲ ኤሚስን የመሰሉ ታላላቅ ነዳፊዎች ናሙና ሠርተውለታል።

የልክ ቁጥሩ ምን ይናገራል?

ከጦርነቱ በፊትና በኋላ ባሉት ዓመታት ብዙ የእንግሊዝ ልብስ ልኩ በፊደል ነበር። «ኤስ ደብሊዩ» ትንሽ ሴት፣ «ደብሊዩ» ሴት፣ «ደብሊዩ ኤክስ» ተለቅ ያለች ሴት፣ «ኦ ኤስ» ደግሞ ከመደበኛው ልክ ያለፈች። መደብር ገብቶ ራስን ከእነዚህ በአንዱ መጥራት ምን ይመስል እንደነበር ለአንባቢ እተወዋለሁ። እነዚህን ፊደሎች ካገኛችሁ ወደ 1930ዎቹ፣ 1940ዎቹና 1950ዎቹ ተጠግታችኋል።

በ1950ዎቹ መጀመሪያ ወደ 5,000 የሚጠጉ ሴቶች ተለክተው ጥናት ተሠራ፤ በ1963ም የብሪታንያ የደረጃዎች ተቋም የሴቶች ልብስ ልክ ደረጃ አወጣ። 10፣ 12፣ 14 የሚሉት ቁጥሮች ከዚያ በፊትም በአንዳንድ ሰፊዎች ዘንድ ስለነበሩ ለብቻቸው ማስረጃ አይሆኑም። ሴንቲ ሜትር ግን ማስረጃ ነው። አገሪቱ ወደ ሜትር ልኬት መዞር የጀመረችው በ1965 ነው፤ ኢንችና ሴንቲ ሜትር ጎን ለጎን የተጻፈበት መለያ በአብዛኛው የ1970ዎቹ ወይም ከዚያ ወዲህ ነው።

ለመልበስ ለምትገዙም አንድ ነገር፦ የድሮ 12 የዛሬ 12 አይደለም፤ ያንሳል። በሜትር ለኩ።

ዚፑስ?

ዚፕ ወደ ሴቶች ቀሚስ በስፋት የገባው በ1930ዎቹ አጋማሽና መጨረሻ ነው። ከዚያ በፊት መንጠቆና ተጭኖ የሚዘጋ የብረት ቁልፍ ነበር። በጦርነቱ ጊዜ ብረት ስለጠፋ ወደ መንጠቆው የተመለሱ ነበሩ። በ1940ዎቹና በ1950ዎቹ ቀሚሶች ዚፑ ብረት ሆኖ ብዙውን ጊዜ በግራ ጎን ከብብት ሥር ይገባል። ወደ 1950ዎቹ መጨረሻ ከጀርባ መሆን ጀመረ። የናይለን ዚፕ የተስፋፋው በ1960ዎቹ ነው፤ ብረቱም ወዲያው አልጠፋም። ስለዚህ የብረት ዚፕ ብዙ አያስረዳም። የናይለን ዚፕ ግን የ1940ዎቹን ወሬ ወዲያው ይዘጋል፤ በኋላ የተቀየረ ካልሆነ በቀር። ወደዚህ እንመለሳለን።

ጨርቁን በምን እለያለሁ?

የሰው ሠራሽ ጨርቆች ታሪክ ለዚህ ሥራ በጣም ይረዳል፤ እያንዳንዳቸው የልደት ዘመን አላቸውና። እንግሊዞች ቴሪሊን የሚሉት ፖሊስተር በ1941 እንግሊዝ ውስጥ በሁለት ኬሚስቶች፣ በዊንፊልድና በዲክሰን፣ ተፈለሰፈ፤ በሰፊው ወደ ሱቅ የደረሰው ግን በ1950ዎቹ አጋማሽ ነው። ከዚያው ክር የተሠራው ወፍራሙ፣ የማይጨማደደው ክሪምፕሊን የ1960ዎቹ ንጉሥ ነበር። ስሙን ያገኘው በሃሮጌት ከተማ አጠገብ ካለው የክሪምፕል ሸለቆ ነው። ዛሬ ስንት ክሪምፕሊን እንደቀረ ማየት ያስገርማል፤ አያልቅም፣ አይደበዝዝም፣ ግን ያልባል።

መለያው ከጠፋ አንድ ክር በቂ ነው። ከውስጥ ካለው የስፌት ትርፍ አንድ ክር ሳቡና በወረንጦ ይዛችሁ፣ ውኃ አጠገብ አድርጋችሁ፣ ለኩሱት። ጥጥና ሬዮን እንደ ወረቀት ይነድዳሉ፤ ሽታቸውም የወረቀት ነው፣ አመዳቸውም ብን ይላል። ሱፍና ሐር የተቃጠለ ፀጉር ይሸታሉ። ፖሊስተርና ናይለን ይቀልጡና ጠንካራ ዶቃ ይሆናሉ። የጥቁሩ ቀሚሴ ክር ዶቃ ሆነ። ዶቃው የ1940ዎቹን ቀሚስ ነገር ጨረሰው።

የመታጠቢያው ምልክትስ ከመቼ ጀምሮ ነው?

በእንግሊዝ የተደራጀ የአጣጠብ መመሪያ ልብስ ላይ መስፋት የተጀመረው በ1966 ነው። ሥርዓቱ በቁጥር ነበር፤ ገንዳ ተስሎ በውስጡ የአጣጠቡ ቁጥርና የውኃው ሙቀት ይጻፋል። ከ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የአጣጠቡ ቁጥር ቀርቶ ሙቀቱ ብቻ የተጻፈበት ገንዳና ከሥሩ የሚሰመር መስመር መጣ። ስለዚህ የአጣጠብ ቁጥር ያለው ገንዳ ቀሚሱን በሁለቱ መካከል ያስቀምጠዋል። የጨርቁን ይዘት በመቶኛ መጻፍ ደግሞ ከ1970ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በሕግ ግዴታ ሆነ። የክር ጥቅል የሚመስለው የንጹሕ ሱፍ ምልክት ከ1964 ወዲህ ነው።

የዋጋ ወረቀቱ ሳይቆረጥ የቀረ ቀሚስ ካገኛችሁ እድለኛ ናችሁ። እንግሊዝ ገንዘቧን ወደ አሥርዮሽ የቀየረችው የካቲት 15 ቀን 1971 ነው። ከዚያ በፊት ፓውንድ 20 ሺሊንግ፣ ሺሊንግ 12 ፔኒ ነበር። «59/11» የሚል ወረቀት 59 ሺሊንግ ከ11 ፔኒ ማለት ነው፤ ከሦስት ፓውንድ አንድ ፔኒ ብቻ የጎደለ። የነጋዴ ብልጠት ያኔም ያው ነበር። ዋጋው በጊኒ ከሆነ አንዱ ጊኒ 21 ሺሊንግ ነው፤ ሱቁም ራሱን ከፍ አድርጎ የሚያይ ነበር ማለት ነው።

የታወቀ ስም ካለበት ነገሩ አለቀ?

ስም ሰፊ መስኮት ይከፍታል እንጂ ዓመት አይቆርጥም። የመደብሮች ኩባንያው የማርክስ ኤንድ ስፔንሰር «ሴንት ማይክል» መለያ በ1928 ተመዝግቦ እስከ 2000 ቆየ፤ ሰባ ዓመት አለፈው። ሆሮክስስ ፋሽንስ በ1946 የተቋቋመ ሲሆን ወላጁ የፕሬስተን ከተማ የጥጥ ፋብሪካ ነው። በደማቅ አበባ የታተሙት የጥጥ ቀሚሶቹ የ1950ዎቹ መታወቂያ ሆኑ፤ ንግሥት ኤልሳቤጥም ለብሳቸዋለች። ልብስ ነዳፊዋ ሜሪ ኳንት ባዛር የሚባለውን ሱቅ በ1955 ከፍታ፣ በርካሽ የሚሸጠውን የጂንጀር ግሩፕ መለያ በ1963 ጀመረች። ስለዚህ ጂንጀር ግሩፕ የሚል ቀሚስ የ1950ዎቹ ነው የሚላችሁን ሰው አትመኑ። ቢባ ከ1964 እስከ 1975 ነበር፤ ስሙ ግን ከዚያ በኋላ ከአንድ ጊዜ በላይ ተሸጦ ታድሷል። አንድ ቀሚስ ሁለት መለያ ሊኖረውም ይችላል፤ አንዱ የሰፊው፣ ሌላው የመደብሩ።

ስሙን ማንም የማያውቀው ከሆነስ?

አብዛኛው ቀሚስ እንደዚህ ነው። ለንደን ውስጥ በኦክስፎርድ ስትሪትና በግሬት ፖርትላንድ ስትሪት ዙሪያ እጅግ ብዙ የጅምላ ልብስ ቤቶች ነበሩ። ብዙዎቹን ያቆሟቸው አይሁድ ስደተኞች ናቸው፤ ከምሥራቅ አውሮፓ የመጡ፣ በ1930ዎቹ ደግሞ ከበርሊንና ከቪየና የሸሹ። ጥቂት ዓመት ሠርተው የተዘጉትን ታሪክ የጻፈላቸው የለም። ወረቀት ግን ትተዋል።

ለንደን ጋዜት የተባለው የመንግሥት ጋዜጣ ድርጅት ሲፈርስ ማስታወቂያ ያወጣል፤ በኢንተርኔት በነፃ ይፈለጋል። ስሙን ጽፋችሁ የከሰረበትን ቀን ካገኛችሁ የመስኮቱ ሁለተኛ ጠርዝ በእጃችሁ ገባ፤ ከዚያ በኋላ ቀሚስ አልሰፋማ። በየዓመቱ ይታተሙ የነበሩት የኬሊ የንግድ ማውጫዎች የድርጅቱን አድራሻ ይሰጣሉ፤ አድራሻው ሲቀየር ዓመቱን ታያላችሁ። የንግድ ምልክቶች መዝገብ ስሙ መቼ እንደተመዘገበ ይነግራል። ከሁሉም የሚጣፍጠው ግን የድሮ ጋዜጣ ነው። በብሪቲሽ ላይብረሪ ክምችት ላይ የተመሠረተው የጋዜጦች መዝገብ ውስጥ የመለያውን ስም ስትፈልጉ የአንድ ትንሽ ከተማ መደብር «አዲስ ገባ» ብሎ ያወጣው ማስታወቂያ፣ አንዳንዴም ከቀሚሱ ሥዕል ጋር ይወጣል። ለማነጻጸር የቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ስብስብ በኢንተርኔት ክፍት ነው። ንጉሠ ነገሥታችን በስደት የተቀመጡባት የባዝ ከተማም ትልቅ የፋሽን ሙዚየም ስብስብ አላት። የማርክስ ኤንድ ስፔንሰር መዝገብ ያለው ሊድስ ነው።

ምልክቶቹ እርስ በርሳቸው ቢጋጩስ?

ይጋጫሉ። የመጨረሻው ምልክት ዳኛ ነው ብያለሁ፤ ይህ የሚሠራው ምልክቱ ከቀሚሱ ጋር የተወለደ ከሆነ ነው። ዚፕ ይቀየራል፣ ጠርዝ ያጥራል፣ መለያም ተፈትቶ ሌላ ላይ ይሰፋል። ለዚህ መፍትሔው ስፌቱን ቀርቦ ማየት ነው። ዚፑ አጠገብ ክር የሌለበት የመርፌ ቀዳዳ መስመር ካለ ቀድሞ ሌላ ዚፕ ነበረበት። የዚፑ ክር ከሌላው ስፌት ክር በቀለም ወይም በውፍረት ከተለየም እንደዚያው ነው። መለያው በእጅ ተሰፍቶ የቀረው ሁሉ በመኪና ከሆነ ጠይቁ። የተቆረጠ መለያ ደግሞ ሁልጊዜ ተንኮል አይደለም፤ ጉድለት ያለበትን ልብስ በቅናሽ ሲሸጡ መለያውን መቁረጥ የተለመደ ነበር።

የእኔ ጥቁር ቀሚስ ስፌት አንድ ዓይነት ክር ነው፤ ዚፑም፣ መለያውም፣ ገንዳዋም። ጨርቁ ፖሊስተር ነው፤ ይዘቱን የሚናገር ጽሑፍ ግን የለበትም። ሕጉ ከመውጣቱ ጥቂት ቀደም ብሎ፣ በ1970ዎቹ የመጀመሪያ ዓመታት እንደተሰፋ እገምታለሁ።

ባለፈው ክረምት ዚፑ ተበጠሰ። ሰፈሬ ያለው ልብስ ሰፊ አዲስ አስገባልኝ፤ አሮጌውን ሊጥለው ሲል ተቀበልኩት። አሁን በትንሽ ፌስታል ተጠቅልሎ ከቀሚሱ ማንጠልጠያ ላይ ታስሯል፤ የተቀየረበትን ቀንም ጽፌበታለሁ።